አርባ ሁለት ሚሊ ሜትር

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የጨፋ ሰማይ ያላለው ነገር አልነበረም። በአፋር በኩል ያበጠ ደመና ተነሣ፤ አናቱ ጠፍጣፋ፣ ሆዱ ከሰል የመሰለ። ነጎደ፣ አንባረቀ፣ በረዶ ወረወረ። ዶሮዎች አልጋ ሥር ገቡ፤ ሽማግሌዎች «ያ ረብ!» አሉ፤ የትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ ሊገነጠል ምንም አልቀረው። ይህ ሁሉ ሽለላ ግን አንድ ባጃጅ ከከሚሴ ተነሥቶ መንደሩ እስኪደርስ እንኳ አልዘለቀም። አንዳንድ ዝናብ እንደ አንዳንድ ሰው ነው፤ የሚጮኸውን ያህል አይሰጥም። ነገር ግን ሚያዝያ እየተጋመሰ መሬቱ ደርቆ ለከረመበት ገበሬ ይህን ማን ደፍሮ ይነግረዋል? ጩኸቱ ብቻውን ልቡን ያጠግበዋል።

የገበሬው የሙሀመድኑር ልጅ ረቢአ እስኪነጋ ቸኮለች። ረቢአ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ የትምህርት ቤቱ የአየር ሁኔታ ክበብ የዝናብ መለኪያ ኃላፊም እሷ ነች። ኃላፊ ሲባል ትልቅ ነገር አይምሰላችሁ። መለኪያው ጎኑ ቀጥ ያለ አጭር የወተት ዱቄት ጣሳ ነው፤ ከግቢው አጥር ጥግ በቆመ እንጨት ላይ ታስሯል፤ ፍየል እንዳይደርስበት ዙሪያውን እሾህ ተደርጎበታል። ከጎኑ ነጭ ቀለም የተቀባች፣ ቴርሞሜትር የያዘች ሳጥን አለች፤ ከሳጥኗ በላይ ደግሞ ነፋስ ከየት እንደሚመጣ የምትጠቁም የቆርቆሮ ቀስት ትሽከረከራለች። ለክበቡ ልጆች ግን ይህ ሁሉ ከትልቅ ጣቢያ አይተናነስም ነበር።

ይህን ያቆመው መምህር ባንተይርጋ ነው። የከሚሴ ከተማ ሰው ነው፤ በየቀኑ ይመላለሳል፤ ማስተማር ሲጀምር ጠመኔ መያዙን ረስቶ እጁን የሚያወናጭፍ ዓይነት። ከሁሉ አስቀድሞ ያስተማራቸው ዓይንና ጆሮ ዝናብን እንደማይለኩ ነበር። «ነጎድጓድ መብረቅ አየሩን በድንገት ሲያግለው የሚሰማ ድምፅ ነው፤ ስለ ውሃው መጠን የሚነግራችሁ ነገር የለም» ይላል። «እርጥብና ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ተኑ ጠብታ ይሆናል፤ ጠብታው ተሰብስቦ ደመና ይሆናል። ጠብታው ሲከብድ ይወርዳል። ስንት ወረደ? እሱን ጣሳው ይንገራችሁ።» ከዚያ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን አስመጣና መሬት ላይ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ሣለ። «አንድ ሚሊ ሜትር ዘነበ ማለት በዚህች ቦታ ላይ አንድ ሊትር ውሃ ፈሰሰ ማለት ነው። ሃያ ሚሊ ሜትር ከሆነ ይህ ጀሪካን ሙሉውን ተደፋባት ማለት ነው።» ረቢአ ያን ቀን ከትምህርት ቤት እስከ ቤቷ ማሳውን ሁሉ በሐሳቧ እየሸነሸነች ጀሪካን ስትደፋበት ሄደች።

ሰዉ ሁሉ ግን ነገሩን አልወደደላቸውም። በዚያ አገር እህል አውድማ ላይ እያለ አይቆጠርም፤ ጎተራ ሳይገባ «ይህን ያህል ሆነልኝ» የሚል ሰው በረካውን በገዛ አፉ አባረረው ይባላል። ሰፋሪም ሲጀምር «አንድ» አይልም፤ «በረካ» ይልና «ሁለት» ብሎ ይቀጥላል። እንግዲህ እህል እንዲህ ከተፈራ ዝናብ እንዴት ይሰፈራል? የእነ ረቢአ ጎረቤት ሰልማን፣ ምላሱ ከጅራፉ የማይሻል ገበሬ፣ በአጥሩ በኩል ባለፈ ቁጥር ልጆቹን አንድ ነገር ሳይላቸው አይሄድም። «የአላህን ሮባ፣ ዝናቡን በጣሳ ትሰፍራላችሁ፤ በኋላ ዝናብ ቀረብን እንዳትሉ!» ይላቸዋል። ረቢአ ማስመሪያዋን ጣሳው ውስጥ ባቆመች ቁጥር ግን ከማንበቧ በፊት በሆዷ «በረካ» ትላለች። ሳይንሱም አይከፋውም፣ አላህም አይቆጣም ብላ።

ለነገሩ የዘንድሮው ዝናብ ለእሷ የክበብ ሥራ ብቻ አልነበረም። አምና በሚያዝያ ሰማዩ እንዲሁ ጮኾ ዘንቦ ነበር። ጎረቤት ሁሉ ዘራ ሲባል አባቷም ማሽላውን ዘራ። ማሽላው በቀለ፤ ሰማዩ ግን ፊቱን አዞረ፤ ቡቃያው ጣት ሳያክል ደርቆ በእጅ ሲነኩት የሚሰባበር ሆነ። ያኔ ታላቅ እህቷ ከውሰር ወደ ዓረብ አገር ሄደች። ማንም ሂጂ አላላትም፤ ማንም ቅሪም አላላትም። አሁን ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች፤ ስትደውል ደህና ነኝ ትላለች፤ እናታቸው ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ታለቅሳለች።

ዘንድሮ የቀረው ዘር አንድ ስልቻ ነው። መጋቢት ላይ ሙሀመድኑር ስልቻውን ከጓዳ አውጥቶ አሳያት። «ረቢአ፣ ማሽላው ዘንድሮም ከቀረብን አንቺም እህትሽን ትከተያለሽ። ሌላ መላ የለኝም» አላት። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ የጨነቀው ሰው ነው። ረቢአ ያን ቀን አላለቀሰችም። ያ ስልቻ ለባዶ ጩኸት እንደማይፈታ በልቧ ቆረጠች፣ አበቃ። አንድ ዓይና በአፈር አይጫወትም።

ባንተይርጋን ጠየቀች፤ ባንተይርጋም የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ጠየቀ። ያገሩ ጥቁር ዋልካ መሬት ረጅሙን ማሽላ አብቅሎ እንዲያቆም መጀመሪያ ቢያንስ ሠላሳ ሚሊ ሜትር መጠጣት አለበት ተባለ። ከዚያ በታች ከሆነ ላዩን አርጥቦ ዘሩን ያታልለዋል፤ ሥሩ ወደ ታች ሲወርድ ደረቅ ያገኛል። ረቢአ ይህን ይዛ አባቷን ነጋ ጠባ ትነዘንዘው ጀመር። «አባ፣ ሠላሳ ሳይሞላ እንዳትዘራ። ሲሞላ እኔ እነግርሃለሁ።» እሱ መጀመሪያ ሳቀባት። ኋላ ግን ጤዛ ለምን ሰማይ በጠራበት ሌሊት እንደሚበዛ፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀዝቃዛው ነፋስ ለምን እንደሚቀድም ስታስረዳው ከሚያውቀው ጋር ገጠመለት፤ ቀስ በቀስ ጆሮ ይሰጣት ጀመር።

እናም ከዚያ ከጩኸቱ ማግስት፣ ጠዋት፣ ረቢአ እሾሁን ገለጥ አድርጋ ገባች። ባንተይርጋ አልነበረም፤ ለስብሰባ ከሚሴ ቀርቷል። ማስመሪያዋን ጣሳው ውስጥ ቀጥ አድርጋ አቆመች፤ ዓይኗን ከውሃው ጋር እኩል ዝቅ አደረገች፤ በሆዷ «በረካ» አለች። ውሃው አርባ ሁለት ላይ ነበር።

ደግማ ለካች። አርባ ሁለት! በእያንዳንዷ ሜትር ካሬ ላይ ሁለት ጀሪካን ሞልቶ ተርፎ ማለት ነው። ልቧ እንደ ጥጃ ዘለለ፤ ልብ ሲዘል ደግሞ ጭንቅላት ይተኛል። ያች አጭር ዝናብ ይህን ሁሉ ውሃ ከየት አመጣችው ብላ አልጠየቀችም። ስትመጣ መንገዱ ላይ ጭቃው እንደ ቅርፊት እየተነሣ ከሥሩ አቧራ መታየቱን ዓይኗ አይቶ ነበር፤ እሱንም እንዳላየች አለፈችው። ደንቡ እንደሚያዘው ውሃውን ደፍታ ጣሳውን መልሳ አሰረችና ክፍል ገብታ «አርባ ሁለት!» ብላ ሰሌዳው ላይ ስትጽፍ ልጆቹ አጨበጨቡ።

አመሻሽ ላይ ለአባቷ ነገረችው። ሙሀመድኑር ከአባቱ የወረሰው አንድ ልማድ ነበረው። ከመዝራቱ በፊት ማሳው መካከል ይንበረከክና አፈሩን በእጁ ይቆፍራል፤ እጁ እስከ አንጓው እርጥበት ካላገኘ ዘር አይነካም። አምና የሰው ወሬ ቀድሞት ሳይቆፍር ዘራ፤ ዘንድሮ ሳልቆፍር አልዘራም ብሎ ወላሂ ብሎ ነበር። አሁን ግን ከትምህርት ቤት፣ ከገዛ ልጁ አፍ፣ እንዲህ ያለ ድፍን ያለ ቁጥር ሲመጣለት እጁን አፈር ውስጥ መክተት ልጁን መጠርጠር መሰለው።

«እርግጠኛ ነሽ?» አላት።

«ሁለት ጊዜ ለካሁት፣ አባ።»

«አልሃምዱሊላህ» አለና ያን ጊዜውኑ ጅጌ ሊጠራ ወጣ።

ጅጌ ሲጠራ ጎረቤት ጥማድ በሬውን እየነዳ ይመጣል፤ የጠራው ያበላል፤ የአንዱ ማሳ በአንድ ቀን ተዘርቶ ይገባል። ታላቅ ክብር ነው። ጅጌ ጠርቶ ሥራው ሳይሠራ የመለሰ ሰው ግን ስሙ በሰንበቴ ገበያ ሳይቀር ይነሣል። የረቢአ እናት ንፍሮውን ጣደች። ሰልማን እንኳ እያሾፈ «ጣሳው ከፈቀደማ እንመጣለን» ብሎ እሺ አለ።

ያ ሌሊት ሰማዩ ጠርቶ አደረ፤ አንድ የደመና ቁራጭ አልነበረበትም። ሲነጋ ወንዶቹ በሬዎቻቸውን እየነዱ ወደ ማሳው ወረዱ፤ ረቢአም ወደ ትምህርት ቤት ሄደች። ጣሳውን የምታየው ለደንቡ ያህል ነው። «ያልዘነበበት ቀንም ቀን ነው፤ ዜሮ ተብሎ ይነገራል» ይላል ባንተይርጋ። እሾሁን ገለጥ አደረገች፣ ጎንበስ አለች።

ጣሳው ውስጥ ውሃ አለ። እስከ ግማሽ።

ጤዛ ይሆን? ጤዛ ጣሳ አይሞላም። ትናንት ሳልደፋው ቀርቼ ይሆን? ደፍታዋለች፤ እግሯ ላይ እንኳ ተረጭቶ ነበር። ገና ሐሳቧን ሳትሰበስብ ከአጥሩ ማዶ ድምፅ መጣ።

«አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ?» እንዴት አደርሽ፣ ልጄ ማለቷ ነው።

ፋጡሜ ናት። ቤቷ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋር የተያያዘ፣ ብቻዋን የምትኖር፣ መንደሩ ሁሉ እናቴ የሚላት አሮጊት። በእጇ የፕላስቲክ ጆግ ይዛለች።

«ደህና፣ እማ ፋጡሜ።»

«ወፎቹ ጠጡልኝ?»

«የምን ወፎች?»

«ያንቺ ወፎች ናቸዋ! ትናንት ከሱብሂ ሰላት በኋላ ብወጣ ጠርዙ ላይ ተደርድረው ወደ ውስጥ ያያሉ። ውሃው ከታች፣ ምንቃራቸው አይደርስ። ሱብሃነላህ! እነዚህ ልጆች ለወፍ ሰደቃ አስቀምጠው መሙላቱን ረስተዋል አልኩና ከውዱዬ ውሃ የተረፈችውን ጨመርኩላቸው። ዛሬም ደገምኩ። ለሙታኖቼም ይድረስልኝ ብዬ ነው።»

ረቢአ ልትቆጣ ፈለገች፤ በማን ላይ ትቆጣለች? ለወፍ ባዘነች አሮጊት ላይ?

«አላህ ይቀበልዎ» አለች። ቀጥላም ጠየቀች፣ «እማ ፋጡሜ፣ ትናንት ከመጨመርዎ በፊት ውሃው ምን ያህል ነበር?»

ፋጡሜ አውራ ጣቷን በአጥሩ ቀዳዳ አወጣችና ጥፍሯን አሳየቻት። «ይህችን ብታህል ነው። ጥቂት ናት፣ ምስኪን።»

የአውራ ጣት ጥፍር። አሥር ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፤ ግማሽ ጀሪካን። ያ ሁሉ ነጎድጓድ፣ ያ ሁሉ በረዶ፣ ግማሽ ጀሪካን! አባቷ ደግሞ በዚህች ሰዓት ስልቻውን ፈትቶ ይሆናል።

እውነቱን እንነጋገር፤ ዝም ልትል ትችል ነበር። ፋጡሜ ያደረገችው ምን እንዳስከተለ አታውቅም፤ ከረቢአ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። ዝናቡ ነገ ሊመጣ ይችላል፤ ከመጣ ስሕተቱ በዝናቡ ይታጠባል። ካልመጣም ሰማዩ ከዳን ይባላል እንጂ ረቢአ አትባልም። ብትናገር ግን የጅጌው ወንዶች ፊት ቆማ፣ ያውም ሰልማን እያለ፣ ያ ቁጥር ውሸት ነበር ልትል ነው። ከዚያ በኋላ ጣሳዋን ማን ያምናል? ይህ ሁሉ በራሷ ውስጥ አለፈ። ግን እግሯ አልጠበቃትም፤ ደብተሯን እሾሁ ሥር ጥላ ወደ ቦርከና ወንዝ በሚወስደው መንገድ እየሮጠች ነበር።

ማሳው ዳር ስትደርስ ትንፋሿ ተቆርጦ ነበር። በሬዎቹ ተጠምደው ተሰልፈዋል፤ አባቷ ዘሩን በሽርጡ እጥፋት ይዞ ቢስሚላህ ብሎ ጀምሯል፤ ከዳር አንዲት ቁራጭ ተዘርታለች።

«አባ! አቁም! አትዝራ!»

ወንዶቹ ሁሉ ዘወር አሉ። ሙሀመድኑር እጁ አየር ላይ ቀረ። «ምን ሆነሻል? እናትሽ ደህና ናት?»

«ሁሉም ደህና ነው። ቁጥሩ ነው። አርባ ሁለት አይደለም። ከዝናቡ በኋላ ጣሳው ላይ ውሃ ተጨምሮበታል፤ የዘነበው ከአሥር አይበልጥም።»

«ማን ጨመረበት?» አለ አንዱ።

ረቢአ የፋጡሜን ስም ልትጠራ አፏን ከፈተችና ተወችው። አሮጊቷ ሰደቃ ነው ያደረገችው፤ ስሟ የመንደር ወሬ ይሁን? «ማንም ይጨምር፣ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ» አለች። «ያነበብኩት እኔ ነኝ። መንገዱ ደረቅ መሆኑን አይቼ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ።»

ሰልማን ጅራፉን ተመርኩዞ ሳቀ። «ሙሀመድኑር፣ እኛስ ጣሳ ሲናገር ሰምተን አናውቅም ነበር፤ ለካ ቃሉንም ያጥፋል!»

ጥቂቶች አብረውት ሳቁ። የሙሀመድኑር ፊት ጠቆረ። ሁለት እርምጃ ወደ ልጁ ተጠጋና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ግን ሁሉም እየሰማው፣ «ትናንት እርግጠኛ ነኝ አልሽኝ። ሰው ጠራሁ። አሁን ምን ልበል?» አላት።

«ተሳስታለች በል።»

«ጅጌ መልስ ነው የምትዪኝ?»

«አዎ፣ አባ።» ማሳውን በእጇ አመለከተችው። «እኔን አትመን። ቆፍረህ እየው።»

ሙሀመድኑር ሽርጡን በአንድ እጁ ጨብጦ ማሳው መካከል ሄደና ተንበረከከ። ቆፈረ። ላይኛው አፈር ጥቁርና እርጥብ ነበር፤ ሁለት ጣት ያህል። ከሥሩ የወጣው ትቢያ ነበር፤ እፍኙን ከፍ አድርጎ ሲለቀው ነፋሱ ወሰደው። ሁሉም አየው። የሚስቅ አልነበረም።

ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ። «ወንድሞቼ፣ አውፍ በሉኝ» አለ። «ንፍሮውን ብሉና ግቡ። ዛሬ አልዘራም።»

እንዲህ ያለውን ቃል መናገር ለእንደ እሱ ዓይነት ሰው ጥርስ እንደ መንቀል ነው። ወንዶቹ ቀንበሩን ፈቱ፤ አንዳንዶቹ አጉረመረሙ። ሰልማን ንፍሮውንም ሳይበላ በሬውን ነዳ። «ሰማይ የሰጠኝን ትቢያ አይከለክለኝም» ብሎ ያንኑ ቀን የራሱን ማሳ ዘራ። ሙሀመድኑር ከዳሯ ቁራጭ የተበተነውን ፍሬ የቻለውን ያህል እየለቀመ ወደ ሽርጡ ሲመልስ ረቢአም ተንበርክካ አብራው ለቀመች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው።

ባንተይርጋ ሲመለስ ሰሌዳው ላይ ተጽፎ የነበረውን አርባ ሁለት እሷው ራሷ እንድትሰርዝ ጠመኔውን ሰጣት። ክፍሉ ሁሉ እያያት ሰረዘችው። «በትላልቅ ጣቢያዎችም ይሳሳታሉ» አለ ባንተይርጋ። «ስለዚህ አንድ መለኪያ ብቻውን አይታመንም። አጭር ዝናብ ትልቅ ቁጥር ከሰጣችሁ ዙሪያችሁን እዩ፤ አፈሩ ምን ይላል? መንገዱስ?» ከዚያን ቀን ጀምሮ ከጣሳው ጋር አፈርም ይቆፈር ጀመር። ለፋጡሜ ወፎችም ከዛፍ ጥላ ሥር ሳህን ተቀመጠላቸው፤ ለጣሳው ደግሞ የሽቦ ወንፊት ተደረገበት። መንደሩ ግን አልተወም። ረቢአ ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ «ዛሬስ ስንት ሆነ?» እያሉ ይስቁባታል። ስንት እንደሆነ ትነግራቸዋለች። ዜሮ ከሆነም ዜሮ ትላለች፤ ብዙውን ጊዜ ዜሮ ነበር።

ሰማዩ ደግሞ ዝም አለ። የሰልማን ማሽላ በቅሎ ለጥቂት ቀን ማሳውን አረንጓዴ አደረገው፤ ያን ሰሞን ሙሀመድኑር በዚያ በኩል ማለፍ ጠላ። ቀጥሎ ቡቃያው ቢጫ ሆነ፤ ቀጥሎም ራሱን ደፋ። በዚህ ረቢአ አልተደሰተችም። የሰልማንም ቤት ልጆች አሉ።

ግንቦት ገባ። ረጅሙ ማሽላ ከዚህ በኋላ ቢዘራ እሸት ከመሆኑ በፊት ዝናቡ ያልቅበታል፤ የቀረው ጊዜ ጥቂት ነው። ረቢአ ስልቻውን ባየች ቁጥር ጅዳ ይታያታል፤ አይታው የማታውቀው ከተማ፣ በር የተዘጋበት ቤት። እናቷ የከውሰርን አሮጌ ሻንጣ ከቆጡ አውርዳ ስታራግፍ አየቻት። ምን ልትሠራበት እንደሆነ አልጠየቀቻትም።

ከዚያ አንድ ሌሊት ዘነበ። አልጮኸም፣ አላንባረቀም፤ ዝም ብሎ ወረደ። ሲነጋ ረቢአ ትምህርት ቤት ስትደርስ ከአጥሩ ውጭ ሰዎች ቆመው አገኘች። ያን ቀን ጅጌ የመጡት ናቸው፤ ሰልማንም ከኋላ፣ ጅራፉን ይዞ ቆሟል። ከፊት አባቷ ነበር፤ እጁን ከጋቢው ሥር አድርጎ።

«እስቲ አንብቢልን» አላት።

ወንፊቱን አነሣች፤ ማስመሪያዋን አቆመች፤ ዝቅ አለች። ሠላሳ እንዲሆን ያልለመነችው አልነበረም። ውሃው አሥራ ዘጠኝ ላይ ቆሟል።

እንደገና አየች። አሥራ ዘጠኝ ነው፤ አንዲት ጀሪካን እንኳ አልሞላም። ሠላሳ ብትል አባቷ ዛሬውኑ ይዘራል፤ ማንም አይጠይቃትም፤ ሻንጣውም ቢያንስ እስከ ክረምት ወደ ቆጡ ይመለሳል። አሥራ ዘጠኝ ካለች ማሽላው ዘንድሮ አበቃለት፤ የእሷም ነገር አበቃ። ማስመሪያዋን ከውሃው አወጣች። 

ቀና አለች። «አሥራ ዘጠኝ» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማት ጮክ ብላ። «አይበቃም።»

ሙሀመድኑር እጁን ከጋቢው ሥር አወጣ። ጣቶቹ ላይ ጭቃ ነበረበት፤ አንጓው ጋ ግን አልደረሰም፤ ከመዳፉ መካከል ላይ ቆሟል።

«እኔም ይህንኑ ነው ያገኘሁት» አለ። ወደ ሰዎቹ ዞረ። «ሰምታችኋል። የኔ ማሽላ ዘንድሮ ቀረ። ስልቻው ለከርሞ ይቀመጣል፤ ክረምቱ ሲገባ ማሾና ጤፍ እዘራለሁ፤ እነሱ ቶሎ ይደርሳሉ። እናንተ እንደፈቀዳችሁ።»

ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ።  አንድ በአንድ ወደየቤታቸው ሄዱ።

ረቢአ ጣሳውን እንደያዘች ከእሾሁ ወጣች። «አባ፣ እንግዲህ የኔስ ነገር?»

«ያንቺ ምን?»

«ማሽላው ከቀረ ብለኸኝ ነበር።» 

ሙሀመድኑር ጭቃውን በጋቢው ጫፍ ሊጠርግ ሞከረና ተወው። «አምና ሁላችንም ደረቅ መሬት ላይ ስንዘራ እኔም ጎረቤቱም በሆዳችን እናውቀው ነበር» አለ። «ቆሞ ተሳስተናል ያለ አንድ ሰው ጠፋ። አንድ ሰው ቢገኝ ከውሰር ዛሬ እዚህ ነበረች።» ጋቢውን ትከሻው ላይ መለሰ። «አንዷን ዝም ብዬ ሰደድኩ። አንቺን አልሰድም። ማሾም ይሁን፣ ረኃብም ይሁን፣ እዚሁ አብረን እናየዋለን። ሻንጣውን ወደ ቆጡ እንድትመልስ ዛሬ ለእናትሽ እነግራታለሁ።»

ረቢአ አለቀሰች። ያን ጊዜ ሁሉ ያላለቀሰችውን ሁሉ በአንዴ አለቀሰችው፤ የጣሳው ውሃ እጇ ላይ ፈሰሰ። አባቷ ማባበል የሚያውቅ ሰው አይደለም፤ ጭቃ ባለበት እጁ ትከሻዋን ያዝ አደረጋትና ወደ ክፍሎቹ አመለከታት።

«በይ ግቢ፤ ደወሉ ተደውሏል» አላት።